አሳዳጅ የሌለው ሯጭ

ወዳጃችን በሱዳኗ ገዳሪፍ ሩጫ በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ሌባ ተባለ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ቁምጣውን ታጥቆ፣ በአንድ እጁ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ጨብጦ፣ በእህል ጎተራዎቹ በኩል ባለው መንገድ ቱስ ቱስ እያለ ሲያልፍ፣ ደጅ ላይ በጠፍር አልጋ የተጋደመ የሱቅ ዘበኛ ብድግ አለና «ሐራሚ!» ብሎ ጮኸ። ሌባ! ማለቱ ነው። ወዳጃችን መቆም ሲገባው ፍጥነት ጨመረ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ዕለቱን 200 ሜትር ያህል በፍጥነት ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ ሮጦ አያውቅም። ያዳነችው ጥግ ላይ ከሰል እያራገበች ጀበናዋን የምትጥድ ያገሩ ልጅ፣ የአርማጭሆ ሴት ናት። ዘበኛውን በዐረብኛ አረጋግታ ሲያበቃ ወደ እሱ ዞረችና፣

«ጋሼ፣ ማን አባሮዎት ነው?» አለችው።

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ወዳጃችን ለዚህች «ታዲያ?» መልስ ሲያጣ አምስት ዓመት ሮጠ።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። በዚያ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወሰን ዳር የሚሮጥ ሰው ሁሉ ከኋላው አንድ ነገር አለ፤ ፊናንስ ነው፣ ሽፍታ ነው፣ ጦር ነው። መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ድል የቀናው የመሰለ ሠራዊት አፄ ዮሐንስ መመታታቸውን ሲሰማ ተበትኖ ወደ ደጋ የተመለሰው በዚያው ምድር ነው። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ በኋላ በበርማ ጦርነት ስሙ የገነነው ዊልያም ስሊም ጋላባትን ከጣሊያን አስለቅቆ ነበር። ነገር ግን የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ሲያዘንቡ ከእንግሊዝ ወታደሮቹ ከፊሎቹ ደንግጠው ወደ ኋላ ፈረጠጡ፤ ስሊምም ቦታውን ለቆ ለመውጣት ተገደደ። በ1977ቱ ድርቅ ኡም ራኩባ ካምፕ የገባው ስደተኛ፣ ከዚያም በኅዳር 2013 ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሐምዳየት በኩል ወደዚያው ኡም ራኩባ የገባው ሕዝብ፣ ለጤናው ብሎ የተጓዘ አልነበረም። ከኢትዮጵያ ወጥታ በሱዳን፣ በግብፅና በሊቢያ አድርጋ ፈረንሳይ የገባችው ፋሪዳ አባሮጌ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ 1,500 ሜትር የሮጠችው በስደተኞች ቡድን ማልያ ነው። እንዲህ ባለ አገር እንደ ወዳጃችን ያለ ሆዳም የሰሊጥ ደላላ በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያባርረው፣ ተነሥቶ ሮጦ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ቢጠረጠር ምን ይገርማል?

ያስጀመረው ሐኪም ነው። ሱዳናዊው ሐኪም የደም ግፊቱን ለካና መሣሪያውን እንደ ተበላሸ ሚዛን አየው፤ ደግሞ ለካ። ከዚያም 86 ኪሎ የሚመዝነውን ደላላ ገላምጦ «መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ሦስት ወር እሰጥሃለሁ፤ ተንቀሳቀስ» አለው። ሸቀጥ ካልተንቀሳቀሰ ትርፍ እንደሌለው ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ ግልጽ አነጋገር ነው።

ወዳጃችን አንድ መተማመኛ ነበረው፤ የደጋ ሰው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ገዳሪፍ 600 ገደማ ብትሆን ነው። እነ አበበ ቢቂላ የለመዱትን ስስ አየር እየሳበ ያደገ ሳንባ ቆላ ሲወርድ ክንፍ ያወጣል ብሎ አሰበ። እንኳን ክንፍ ሊያወጣ፣ በ300ኛው ሜትር ላይ ጎኑን ውጋት ሰቅዞ ያዘውና አንድ የራክሻ (የባጃጅ) ነጂ «ላድርስህ?» ብሎ ቆመለት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከደብተር ጋር ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ በማደጉ ግራ እጁ ታጥፎ ቀርቷል ይባላል። የወዳጃችን እጅ በሃይላንድ ምክንያት ታጥፎ እንዳይቀር የሚያሰጋ ግን አልነበረም፤ ያን ያህል ርቀት አልሄደማ።

የረሳው ነገር ሙቀቱን ነው። ጡንቻ ከሚያነደው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከአራት አንድ እጅ ገደማ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሯጭ ማለት እግር ያወጣ ምድጃ ነው ቢባል ማጋነን የለበትም። ምድጃው የሚበርደው ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። ለዚያ ደግሞ ደም ወደ ቆዳ መሄድ አለበት፤ ጡንቻም ደም ይፈልጋል፤ ልብ በሁለት ጌታ መካከል እንደ ቆመ አሽከር ይራወጣል። ሚያዝያ ላይ ቴርሞሜትሩ 40ን አልፎ በሚወጣበት ከተማ የዚህ አሽከር ነገር ያሳዝናል።

ስመ ጥሩዎቹስ ቢሆኑ? መስከረም 2012 ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። በዚያ ሰዓት እንኳ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ከኢትዮጵያ ሦስቱም፣ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ አቋርጠው ወጡ። (አየሩ ረገብ ባለ በሌላ ሌሊት፣ በወንዶቹ ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቁን፣ ሞስነት ገረመው ብሩን በመውሰዳቸው አገር ተጽናና።) ወዳጃችን ይህን በቴሌቪዥን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ያጨበጨበው ለአሸናፊዋ አልነበረም። «አያችሁ? አያችሁ?» አለ ቡና የሚጠጡትን፤ «እኔ ብቻ አይደለሁም!»

ደግነቱ ሰውነት ይማራል። በሙቀት ውስጥ በየቀኑ ለ10፣ ለ14 ቀን ያህል የለፋ ሰው የደሙ ውኃ ይጨምራል፤ ላቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ይበዛልም፤ ጨውን ግን ከበፊቱ ይቆጥባል። ወዳጃችን ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጥቁር ካናቴራው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጀርባው ላይ የሚደርቀው ነጭ የጨው ካርታ አትባራን፣ ራሃድንና ዲንደርን ከነገባሮቻቸው ያሳይ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ከዋናው ወንዝ በቀር የደረቁ ይመስላሉ። በአራተኛው ወር አልጋ ላይ ሆኖ የልብ ምቱን ሲቆጥር ከ84 ወደ 68 ወርዶ አገኘው። ልቡ አንድ ጊዜ ስትመታ የምትገፋው ደም ስለ ጨመረ ደጋግማ መምታት አላስፈለጋትም። ሚስቱ ግን ከጎንደር በስልክ «ልብህ ቀነሰ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ሌላ ነገር ጠረጠረች።

ክብደቱስ? እዚህ ላይ ተጠያቂው ፉል ነው። አንድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ወዳጃችን 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 430 ገደማ አወጣ ማለት ነው። ከዚያ በድል አድራጊነት ፉል ቤት ይገባል፤ ባለቤቱ ስለ ሐበሻው ጀግና ብሎ ከገዳሪፍ ሰሊጥ የተጨመቀ ዘይት ያፈስለታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። አራት ማንኪያ ሲፈስ ሩጫው ተሰርዟል፤ ዳቦውና ፉሉ ገና አልተቆጠረም። ዕድሜውን በኪሎና በዋጋ ሲከራከር የኖረ ደላላ ይህን ሒሳብ ለስድስት ወር አለማየቱ፣ ሰው የሌላውን ሚዛን እንጂ የራሱን አይመረምርም ከሚሉት ወገን ያደርገናል። ግፊቱ ግን ሚዛኑን ሳይጠብቅ ጥቂት ወረደ። ሐኪሙም ሦስቱን ወር ወደ ስድስት አራዘመ።

የጉልበት ነገር ደግሞ ለብቻው ሸንጎ ተቀምጦበታል። በሩጫ እያንዳንዱ እርምጃ መሬት ሲነካ የሰውነትን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ያሳርፋል። ቡና ላይ ይህን የሰሙ አንድ አዛውንት ነጋዴ ጣታቸውን አጥፈው አሰሉ፤ «86 ኪሎ... እንግዲህ በያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ በአንድ እግርህ ትሸከማለህ። ልጄ፣ ይህን ሐማል እንኳ አይቀበልም። ጉልበትህ ያልቃል።» ነገሩ ሲታይ እውነት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመ ትንተና ግን ሌላ ይላል። የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት ለመዝናኛ ከሚሮጡት 3.5 በመቶ፣ ከማይሮጡት ግን 10.2 በመቶ ላይ ተገኝቷል፤ ከፍ ያለው ለውድድር በሚሮጡት ዘንድ ነው፣ 13.3። ወዳጃችን ይህን ሲነግራቸው አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና «አንተ የመወዳደር አሳብ የለህም አይደል?» ብለው ጠየቁት። የለኝም አለ። ሲሮጥ ያዩት ሁሉም አመኑት።

በአሜሪካ 55,137 ሰዎችን ለ15 ዓመት ያህል የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ያውም በዝግታ፣ መሮጥ እንኳ በልብ በሽታ ከመሞት ዕድል መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አግኝቷል። ድሮውንም ጤነኛ የሆነው ነው የሚሮጠው የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ ክርክሩ አግባብ ነው። ወዳጃችን ግን ከሁሉም «በዝግታ» የምትለዋን ቃል ወደዳት።

ክረምት ሲገባ ዝግታ ምርጫ መሆኑ ይቀራል። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ጫማ ይበላል። አንድ እርምጃ፣ አንድ ኪሎ ዋልካ፤ ሁለተኛ እርምጃ፣ ሁለት ኪሎ፤ በአሥረኛው እርምጃ ሰውየው በሁለት ምጣድ ላይ የቆመ ይመስላል፤ በአሥራ አንደኛው እግሩ ይወጣል፣ ጫማው ይቀራል። በበጋ ያው አፈር ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ አፍ ይከፍታል። በእነዚያ ስንጥቆችና በግራሮቹ ሥር ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትደበቃለች፤ የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እንግዲህ ቀን ቢሮጡ ፀሐይ፣ ሌሊት ቢሮጡ ዝንብ። የወዳጃችን ቁምጣ በዚህ ምክንያት ረጅም ሱሪ ሆነ። የሰፈሩ ወይዘሮዎች በዚያም በዚህም ተመስገን አሉ።

በኅዳር 2011 ሰሊጡን ሸጦ በመተማ በኩል ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ዘለቀና ታላቁ ሩጫ ላይ ተሰለፈ። በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው የተጀመረው፣ የመጀመሪያውንም ኃይሌ ራሱ ያሸነፈው ሩጫ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወዳጃችን በዘፈን፣ በጭፈራና በግፊያ መካከል በአንድ ሰዓት ከ31 ደቂቃ ጨረሰ። ከበሮ ያነገተ ሰው ቀድሞታል። ከዚህ ይልቅ የማይረሳው ያን ሁሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አሳዳጅ ሳይኖረው ሲሮጥ ማየቱ ነው። ያችን ባለ ጀበና በዓይኑ ፈለጋት፤ ይኸው ጠይቂያቸው ሊላት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የገዳሪፍ ጎዳና ተለወጠ። ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ በገዳሪፍ አልፎ ወደ ጋላባት፣ ከዚያም ትንሿን ድልድይ ተሻግሮ ወደ መተማ ዮሐንስ ይጎርፍ ጀመር። ወዳጃችንም መጋዘኑን ቆልፎ በዚያው ድልድይ ገባ። በዚያ ወር አልሮጠም። የስፖርት ጫማውን መንገድ ላይ ተረከዙ ለተላጠ ሰው ሰጠው፤ ስለዚህ ብዙ አያወራም።

አሁን ጎንደር ነው። ደጋው እንዲህ እንደሚቀበለው አልጠበቀም። ከገዳሪፍ ጋር ሲነጻጸር በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ ሰውነት ቀይ የደም ሴሉን ጨምሮ እስኪያካክስ ሳምንታት ይፈጃል። የአዘዞን መንገድ እንደ ወናፍ እየነፋ ይወጣዋል፤ ሕፃናት «አይዞህ ኃይሌ!» ይሉታል፤ ማንም ግን ሌባ አይለውም። ይህ ሳይቆጨው አልቀረም፤ ቡና ላይ ሲቀመጥ የሚያወራው የገዳሪፍን ነውና። በተለይ አንዱን።

ሱዳን ውስጥ መጠጥ በሕግ የተከለከለው በ1976 ዓ.ም. መባቻ ነበር። ሐበሻ ባለበት ደግሞ አረቄ አይታጣም እየተባለ ይታማል። አንድ ንጋት ሁለት ዘቦች አስቆሙት። ሐበሻ፣ በጨለማ፣ በሩጫ፣ በእጁ ውኃ የሚመስል ነገር የሞላ ሃይላንድ!

«ዳ ሺኑ?» ምንድን ነው?

«ሞያ» አለ፤ ውኃ በእነሱ ቋንቋ ሞያ ነው።

አንደኛው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ራሱን ነቅንቆ ለሁለተኛው ሰጠ። ሁለተኛው አሸተተ፤ አላመነም፤ ተጎነጨ። አሁንም አላመነም፤ ደግሞ ተጎነጨ። ምርመራው እስከ ላስቲኩ ቂጥ ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻ አፉን በክንዱ ጠርጎ፣ እንደ ማዘን ብሎ፣ «ሞያ ሳይ» አለ። ተራ ውኃ።

«ከየት ነህ?»

«ከቤቴ።»

«ወዴት ነህ?»

«ወደ ቤቴ።»

ሁለቱ ተያዩ። ባዶውን ሃይላንድ መለሱለትና፣

«ያላ፣ ሩጥ» አሉት።

ጎንደር ላይ ቡና የምታቀርበው የእኅቱ ልጅ ሁልጊዜ እዚህ ላይ «ታዲያ ሮጥክ?» ትለዋለች።

«ምን ላድርግ? ቤቴ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውኃውም እዚያ ነው ያለው።»