በጉን ማን ገደለው?

ቁጭ በል ወዳጄ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውትህ። ሁለት ፋሲካ ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር ነው፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ወደ ደብረ ሲና ወረድኩ። የላከችኝ እናቴ ናት። አክስቴ ያዘጋጀችላትን በርበሬና ቅመም ተቀብዬ መመለስ ነበረብኝ፤ ሕፃን ልጅ ቢላክ አድርሶ የሚመለሰው ጉዳይ። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ ታውቀዋለህ፤ ከዚያ ስትወጣ ምድሩ ከእግርህ ሥር የሸሸ ይመስልሃል፣ መኪናውም በጉም ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከተማው ስትደርስ ደግሞ ገና ሳትወርድ ቆሎ ሻጮቹ መስኮትህን ይከቡታል። ቆሎውን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መንገድ ላይ የማነበው መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣውን የአጋታ ክሪስቲን «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»። አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ውስጥ አንድ ሀብታም ሰው በገዛ ቤቱ ተወግቶ ይገኛል። ሥራ በቃኝ ብሎ ዱባ ሊያለማ ወደዚያች መንደር የመጣው መርማሪ፣ ፖይሮ፣ ነገሩን መመርመር ይይዛል። ታሪኩን የሚነግርህ የመንደሩ ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም አንዲት እህት አለችው፣ ከቤቷ ሳትወጣ ማን ከማን ጋር እንዳመሸ የምታውቅ። አክስቴን ቁርጥ! ባነበብኩ ቁጥር የምትታየኝ እሷ ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ። እና ፖይሮ ሰዎቹን አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ እያንዳንዳችሁ የደበቃችሁኝ ነገር አለ ይላቸዋል። እውነትም አላቸው። ይህች ነገር ልቤ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የአክስቴ ግቢ የሦስት ቤቶች ግቢ ነው። አንደኛዋ ጎረቤት ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቁባት ሴት ናት። ከገና ጀምራ ለፋሲካ ብላ የምታሳድገው በግ ነበራት። ሣርና ድርቆሽ በእጇ እያጎረሰች፣ ማታ ማታ ጀርባውን እየዳበሰች ታወራዋለች። ሰኞ ስደርስ በጉ ግንቡ ሥር ታስሮ ቆሞ ነበር፣ ግንባሩ ነጭ፣ የቀረው ገላው ቡላ። ማክሰኞ ተኛ። ሣሩን ዘወር አለበት፣ ውሃም አልነካ፣ ጥርሱን ያፋጫል። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው አገኘችው። ጩኸቷን ስሰማ ሰው የሞተ መስሎኝ በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት።

ቁስል የለ፣ የጅብ ጥርስ የለ። ታዲያ ማን ገደለው? ሌባ እንዳትል፣ ሌባ ይዞት ይሄዳል እንጂ አይገድለውም። ሥጋው ደግሞ በክት ነው፣ ለማንም አይሆን። ስለዚህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መርዝ። ማን ነው ጠላቷ? ሕማማት ስለሆነ ሰው ድሮም አይሳሳም፣ ሰላምም አይባባል፤ ያን ቀን ግን ዝምታው ሌላ ዓይነት ሆነ። አንዱ አንዱን በጎን ያያል።

እዚህ ላይ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። የእድሩ ዳኛ ሊያጽናኗት ሲመጡ፣ «ሰው ተሰብስቦ ሰኞ ሌሊት የት እንደነበረ ለምን አይጠየቅም?» አልኳቸው። አዛውንቱ ትንሽ ዝም አሉና፣ «አውጫጭኝ ማለትህ ነው?» አሉኝ።

አውጫጭኝ ስትሰማ ተረት እንዳይመስልህ። ድሮ ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ ጥፋተኛው ሲጠፋ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ያየ ሰው በስውር ይናገራል፤ ስሙ አይነሳም፣ ወፍ ነገረችን ይባላል እንጂ። ከሌባሻይ ይሻላል ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ በዚያኛው አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ጠጥቶ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባል ነበር። የስንቱ ቤት በዚያ እንደፈረሰ አስበው።

ከሰዓት በኋላ ከስግደት መልስ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ወፍ ማን እንደሆነ ልንገርህ? እኔ ነበርኩ። ሰኞ ሌሊት ውጭ ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ አንድ ሰው ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ አይቻለሁ። አረማመዱን ለዳኛው ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሰውየውን አወቋቸው።

መጀመሪያ ሌሎቹ ተናገሩ። አንዷ፣ ባሌ ከአዲስ አበባ ገንዘብ ይልክልኛል ስትል የኖረች፣ ሌሊት ሌሊት ለሆቴል እንጀራ ስትጋግር ነው የምታድረው፤ ባልየው ከላከ ዓመታት አልፈውታል። አንዱ በሕማማት ጠላ ቤት ነበር። በድንበር ተጣልተው የማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ትልቁ በጨለማ የወጣው ታናሹ ደጃፍ ላይ ዱቄት ሊያስቀምጥ ኖሯል፣ ታናሹም ሰጪውን ሳያውቅ ስንት ወር በልቶታል። ይህን ሲሰማ መሬት መሬት አየ እንጂ አንድ ቃል አልወጣውም።

ከዚያ ተራው የመምህሩ ሆነ።

ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው፤ ዳኛው ራሳቸው ተማሪያቸው ነበሩ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰኞ ሌሊት ወጥተው ነበር?» አሏቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከኮታቸው ኪስ አንዲት ትንሽ ጣሳ አውጥተው በመዳፋቸው ያዟት። ጠርዟ ተጣሟል፣ ሥሯ ላይ የገብስ ገለባ ተጣብቋል። ቆሎ የሚሰፈርባት ጣሳ ናት። «ለከባድ መኪና ሾፌሮች እሸጣለሁ» አሉ፣ «ጡረታው አልበቃኝም። ልጆቼ ናችሁ፣ እንዳታዩኝ ብዬ ነው በሌሊት ያደረግሁት።» የሚያስል እንኳን ጠፋ። ጣሳዋን ወደ ኪሳቸው ሊመልሷት ሲሞክሩ የኪሱን አፍ ስተው ሁለት ጊዜ አመለጠቻቸው። አሁን ሳወራህም ያቺ እጅ ትታየኛለች።

በዚህ መሃል የተላከበት የእንስሳት ሐኪም ደረሰ። በጉን እዚያው ግቢ ውስጥ ከፈተው። ሽታው ኮምጣጣ ነበር፣ እንደ ከረመ ሊጥ። በቢላው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገና፣ «ገብስ» አለ። «ሆዱ ሙሉ ገብስ ነው። ሣር የለመደ ሆድ ድንገት እህል ሲሞላበት ይቦካል፣ አሲድ ይሆንና ደሙን ይመርዛል። በአንድ በሁለት ቀን ይገድላል። መርዝ የሰጠው ሰው የለም፣ ያበላው ግን አለ።»

የሰው ዓይን ሁሉ ዞረ። ወደ ማን መሰለህ? ገብስ ኪሳቸው ውስጥ ወደተገኘባቸው ወደ መምህሩ።

አሁን ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ከላይ ስነግርህ የዘለልኩት ነገር አለ። ሰኞ ማታ አክስቴ፣ «ልጄ፣ ያን የገብስ ከረጢት ከበረንዳው ወደ ጓዳ አስገባልኝ፣ አፉንም እሰረው» ብላኝ ነበር። እሺ አልኩ። ከረጢቱን እስከ ግንቡ ጎትቼ፣ መብራቱ እዚያ ጋ ስለሚሻል ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፌን ገለጥኩ። ብርዱ ሲያስነሳኝ መጽሐፉን ይዤ ገባሁ። ጠዋት ስነሳ ከረጢቱ ተጋድሟል፣ እህሉ ተበትኗል፣ ጎድሏልም። አክስቴ ሳታይ ጠርጌ፣ አስገብቼ፣ አፉን አሰርኩ። በጉ አጠገቤ ቆሞ ከንፈሩን ይልስ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ግን ምንም አላሰብኩም። ማክሰኞ ሲታመምም፣ ረቡዕ ሲሞትም፣ ሰው ሰብስቡ ስልም ከረጢቱ አንድ ጊዜ እንኳን ትዝ አላለኝም። ገዳይ ፍለጋ ላይ ነበርኩዋ!

ቀና ስል አክስቴ እኔን እያየች ነው። ገብሷን አውቃዋለች። ምንም አላለችም፤ እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። አልተሰማም። ደግሜ አልኩት። ዳኛው፣ «ምኑን ነህ?» አሉኝ፤ ከረጢቱን፣ መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ ሁሉንም ከመጀመሪያ ጀምሬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ነበረብኝ። መሃል ላይ አንድ ልጅ፣ «ታዲያ ለምን ሰበሰበን?» ብሎ እናቱን ጠየቃት። እናቱ ያቺ እንጀራ ጋጋሪ ነበረች።

የበጉን ዋጋ ከፈልኩ። የእናቴ የበርበሬ ገንዘብ፣ የመሳፈሪያዬም ተደምሮ አልበቃም፤ የጎደለውን አክስቴ ሞላችው። የገዛሁላት በግ ከሞተው ያነሰ ነው። ሴትዮዋ ተቀብላ መረቀችኝ፣ ግን እሱን ጀርባውን ስትዳብሰው አላየሁም።

ዓርብ በስግደት አልፎ ቅዳሜ ማለዳ ተሳፈርኩ። መጽሐፉን ለመጨረስ የቀሩኝ ገጾች ጥቂት ነበሩ፣ ግን አልገለጥኩትም። መኪናው ሳይነሳ መስኮቴ ተንኳኳ። መምህሩ ናቸው። ነጠላ አልተከናነቡም፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ ነው፣ ዘንቢሉን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። ስንት ነው አልኳቸው፣ ነገሩኝ። በዚያች ጣሳ ሰፍረው በወረቀት ጠቀለሉልኝ። የሰጠኋቸው ብር ትልቅ ነበር፤ ይቅር፣ መልሱን ይያዙት ስላቸው፣ «የለም» አሉና አንድ በአንድ ቆጥረው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ መስኮት ሄዱ።