ዝናቡ መቼ እንዳቆመ

ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰኝ አውሮፕላን ያመለጠኝ ሌጎስ ውስጥ፣ ሰርድ ሜይንላንድ ድልድይ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ኢኬጃ ካለው ሙርታላ ሙሐመድ ማረፊያ ሊነሳ ነው፤ እኔ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ድልድይ መሐል፣ ከላይም ከታችም ውሃ ይዞኝ ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለውን የመኪና ሰልፍ የአገሩ ሰዎች «ጎ ስሎው» ይሉታል። ከገቡበት ደግሞ መዞሪያ የለውም።

ሹፌሩ ልጁን ከማጠናከሪያ ትምህርት ቤት አንስቶ ከጎኑ አስቀምጧታል። «ኦጋ፣ ይቅርታ፤ ፈተናዋ ደርሷል» ብሎኝ ነበር። አስተማሪ መሆኔን ሲነግራት ዞር ብላ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች የታተሙበትን መጽሐፍ ዘረጋችልኝ።

ፈተናው የምዕራብ አፍሪካ ፈተናዎች ምክር ቤት የሚያወጣው ነው። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመ ሲሆን ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ሴራሊዮን፣ ጋምቢያና ላይቤሪያ አባሎቹ ናቸው። በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ምንባብ ይሰጥና ከውስጡ አንድ ቁራጭ ይመዘዛል። ሰዋስዋዊ ስሙ ማን ነው? በዐረፍተ ነገሩ ውስጥስ ሥራው ምንድን ነው? የእኛ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከምርጫዎቹ አንዱን ይመርጣል፤ የእነሱ ግን መልሱን በራሱ ቃል ይጽፋል። «ተሳቢ ነው» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ የየትኛው ግስ ተሳቢ እንደሆነ መናገር አለበት። እንዲህ ያለ ጥያቄ እወዳለሁ፤ ልጅን እንዲያስብ ያደርጋል።

«አንክል፣ ይሄ ለምን ስሕተት ሆነብኝ?» አለችኝ። «ኖባዲ ኒው ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ» ይላል። በ«ዌን» የሚጀምረውን ክሎዝ ተውሳከ ግሳዊ ብላዋለች፤ መልሱ ግን ስማዊ ክሎዝ ነው። ደብተሯ ላይ አስተማሪዋ ያስገለበጧት ሠንጠረዥ አለ፦ «ዌን» የጊዜ፣ «ኢፍ» የሁኔታ፣ «ሁ» የቅጽል። አንጀቴ አረረ። ይህን ሠንጠረዥ እኛም አገር በየጥቁር ሰሌዳው አይቼዋለሁ፤ ክሎዝን በመጀመሪያ ቃሉ ብቻ እንዲፈርዱበት ልጆችን ያስለምዳል።

ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፍኩላት። «ዊ ሌፍት ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ»፤ እዚህ ክሎዙ «ሌፍት» የሚለውን ግስ ይገልጻል፣ ወደ ፊት ብናመጣውም ይቆማል። «አይ ሪሜምበር ዘ ዴይ ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ»፤ እዚህ «ዴይ» የሚለውን ስም ይገልጻል። የፈተናዋ ሦስተኛው ነው። ክሎዙን አውጥተሽ «ኢት» አስገቢበት አልኳት። «ኖባዲ ኒው ኢት» አለች፤ ወዲያው «የኒው ተሳቢ!» ብላ ጮኸች። አባቷ ደንግጦ በመስታወት አየን።

በሦስቱም ቦታ ክሎዙ ፊደሉ አልተለወጠም። የእንግሊዝኛው አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው፤ ሥራውን ፊቱ ላይ አይጽፍም። አማርኛ ግን ግሱን ያስለውጠናል፦ ዝናቡ ሲያቆም ሄድን፣ ዝናቡ ያቆመበትን ቀን አስታውሳለሁ፣ ዝናቡ መቼ እንዳቆመ ማንም አላወቀም። እኔ ክፍል ውስጥ የማስተምረው በዚህ በኩል ነው። ለእሷ ግን አማርኛው ስለማይጠቅማት በ«ኢት» ቀጠልን።

መኪናው ፈቀቅ ሲል ወደ ሐረግ ተሻገርን። ውጭ አንድ ሰው ዝናቡ እየመታው ይጮሃል። «ዘ ማን ኦን ዘ ብሪጅ ኢዝ ሻውቲንግ» ብንል «ኦን ዘ ብሪጅ» ሰውየውን ይገልጻል፤ «ዘ ማን ኢዝ ሻውቲንግ ኦን ዘ ብሪጅ» ብንል ግን መጮሁን። ፈተናው የመጀመሪያውን ቅጽላዊ፣ ሁለተኛውን ተውሳከ ግሳዊ ሐረግ ይለዋል።

ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ጉዞዬ ለማግስቱ ጠዋት ተዛወረ፤ አባት ጥፋቱ የሱ ይመስል ደጋግሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ልጅቷ ግን «ዩ ዊል ፍላይ ዘ ኔክስት ሞርኒንግ» ብላ ጽፋ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት አሰመረችባቸው። «ይሄ ስም አይደል? ታዲያ ለምን የጊዜ ሆነ?»

ፈተናው የሚፈልገው «ተውሳከ ግሳዊ ሐረግ፤ ፍላይ የሚለውን ግስ ይገልጻል» የሚለውን ነው፤ ይህንኑ ነገርኳት። ግን እንዲህ ስንል ስሙን ከሥራው ላይ ወስደን ስለሰየምነው ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሆኑ። ራንዶልፍ ኩዊርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሀድልስተንና ፑለም ደግሞ በ2002 ባሳተሟቸው ትልልቅ የሰዋስው መጻሕፍት ቅርጽና ሥራ ለየብቻ ስም አላቸው። በእነሱ መንገድ ይህ በቅርጹ ስማዊ ሐረግ ነው፤ የሚሠራው የተውሳከ ግስ ሥራ ነው። እኔ የማምነው ይህኛውን ነው፤ ልጅቷም ሳትማረው ያየችው ይህንኑ ነው። ሁለቱንም መልሶች ጻፈችና ከመጀመሪያው አጠገብ «ለፈተና» ብላ አከለችበት።