አሮጌ ቤት እንዴት ይታደሳል

የቅርስ እድሳት አንድን አሮጌ ቤት አሮጌ ከመባል የማዳን ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞችም ሆነ በገጠር አብያተ ክርስቲያናት በሰፊው ይሠራበታል፤ ውጤቱም ፈጣን ነው። መቶ ዓመት የቆመ ግድግዳ በአንድ በጋ ውስጥ ከትናንት ወዲያ የተገነባ መስሎ ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ኮሚቴ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለምና የምረቃ ቀን ናቸው። የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቢገኝም አይጠላም፤ ለምረቃው ንግግር ያገለግላል።

ቤት ዝም ብሎ ለእድሳት አይደርስም፤ መጎዳት አለበት። የአዲስ አበባ ቤቶች በዚህ በኩል በቂ ዝግጅት ተደርጎላቸዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የመኳንንትና የነጋዴ መኖሪያ የነበሩ ብዙ ቤቶች ለተከራይ ተሸነሸኑ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ደረሱ። አዳራሹ በችፑድ ተከፋፈለ፣ ሰገነቱ ማድ ቤት ሆነ፣ ደረጃው ሥር ከሰል ተከመረ። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ይላል፤ ቀበሌው ደግሞ «በጀት የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚገባው ዝናቡ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ሲሚንቶው ይመጣል። የሙያው እምብርት ይኸው ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። የድሮው ሠራተኛ መሠረቱን በድንጋይ ያነሣ፣ ላዩን በእንጨትና በጭድ ጭቃ ይሠራ፣ ጣሪያውን ከግድግዳው አርቆ በበረንዳው ላይ ያወርድ ነበር። ጭቃ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፤ ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ግድግዳው ሰማንያና መቶ ዓመት የቆመው በዚህ ብልሃት ነው። አዳሹ ግን ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። ምርጊቱን በመዶሻ ያራግፋል፣ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ይወጥራል፣ በላዩ ሲሚንቶ ይለስናል፣ ሲደርቅ ኳርትዝ ቀለም ይቀባል። ሁለት ዓመት ያህል ቤቱ ያምራል፤ ፎቶ የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። እርጥበቱ ግን ከመሬት መውጣቱን አያቆምም፤ የሚወጣበት ቀዳዳ ስለተዘጋበት ከልስኑ ጀርባ ይቀመጣል። ከግርጌ በኩል ልስኑ ያብጣል፤ በጣት ሲመቱት ባዶ ጣሳ ይመስላል። ውስጥ ያለው እንጨት በስብሶ ምስጥ ሰፍሮበታል። ይህን ጊዜ መሐንዲስ ይጠራል። መሐንዲሱም ግድግዳውን አንኳኩቶ ቤቱ ከእርጅና የተነሣ ሊታደስ እንደማይችል ይጽፋል። ሊኳሉ ዐይን ማጥፋት የሚባለው ይህ ነው፤ በሪፖርት ግን «ዕድሜ» ተብሎ ይመዘገባል።

በርና መስኮትም አይዘነጉም። በአርመንና በሕንድ አናጢዎች እጅ የተፈለፈለው የበረንዳ እንጨት ወርዶ ለማገዶ ይውላል፤ በቦታው አልሙኒየም ይገባል። አልሙኒየም አይበሰብስም። አያምርም፤ ግን አይበሰብስም።

ዘዴው የአገር ልጅ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስል የውጭ ባለሙያዎችም ውለታ መጠቀስ አለበት። ጎንደር ላይ በኖራ የተገነቡት አብያተ መንግሥት በጣሊያን ወረራ ዓመታት በሲሚንቶ ተጠገኑ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እየፈለፈሉ ኖራ መመለስ ሥራ ሆነባቸው። ላሊበላ ደግሞ ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ሬንጅ መቀባት ረስተው ነበርና ተስተካከለላቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ የጀመረው የጣሊያናዊው አርክቴክት የሳንድሮ አንጀሊኒ ቡድን ይህን ማስተካከያ ከዓለቱ ላይ ሲፍቅ ከረመ።

በገጠር ደብር ሙያው መንፈሳዊ መልክ አለው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ መለወጡን ማንም አይነቅፍም፤ ሣሩም ጠፍቷል፣ ከዳኙም አርጅቷል። ችግሩ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ነው። ኮሚቴው ስብሰባ ይቀመጣል፤ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ጠቧል ይባላል፤ ፈርሶ በቦታው ባለ ጉልላት የብሎኬት ሕንፃ ይነሣል። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተለጥፎ የኖረው ሥዕል ሳይፈርስ ቢተርፍ እንኳ «ደብዝዟል» ተብሎ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ይደገማል። ድሮ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከግርጌ ተደፍቶ በትንሹ ይሣል ነበር። በእድሳቱ እሱ በቀለም ይሸፈናል፤ የዘመኑ ለጋስ ግን ከበሩ በላይ በባነር ይወጣል፤ እርግጥ አልተደፋም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ከማደስ በፊት ፈቃድ መቀበል ግድ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነም መንግሥት በከፊል ሊያግዝ እንደሚችል ይናገራል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ፈቃድ የጠየቀው ባለቤት የደብዳቤውን መልስ እየጠበቀ ክረምቱ ይደርስበታል፤ ያልጠየቀው ጎረቤቱ ሴራሚክ አስነጥፎ ጨርሷል። ስለዚህ ሕግ አክባሪው ቤት ይፈርሳል፣ ሕግ ጣሹ ቤት ይለወጣል፤ ከሁለቱ አንዱም አይተርፍም። በሁለቱም በር ላይ ግን ቅርስ መሆናቸውን የሚገልጽ ሰሌዳ ሊኖር ይችላል። ሰሌዳው ከግድግዳው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይታጠባል።

ሙያው የሚጠናቀቀው በፎቶግራፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የኮሪደር ልማት ፒያሳ ውስጥ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ይህ ዘዴ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ታይቷል። ቤቱ ይነሣል፤ የቤቱ ምስል በጥቁርና ነጭ ተሠርቶ በአዲሱ ካፌ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከሁሉም ዘዴዎች የሚበረክተው ይህ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ፎቶ አያፈስም፣ ተከራይ የለውም፣ ቦታውም ነፃ ይሆናል። ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ቀና ብሎ ያየውና «እንዴት ያለ ቤት ነበር!» ይላል። ሰገነቱ በቆመበት ዘመን ግን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

አንዳንድ ሥራዎች በዚህ ሙያ ውስጥ አይቆጠሩም። አሸንዳ መጥረግ፣ የላላ ቆርቆሮ በሚስማር መምታት፣ የረገፈ ምርጊት በዚያው በጭቃና በጭድ መሙላት፣ ከግድግዳው ሥር የተጠራቀመ አፈር ዝቆ ማንሣት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ጨረታ አይወጣባቸውም፤ ሪባን አይቆረጥባቸውም፤ ሲያልቁም ቤቱ እንደ በፊቱ ስለሚሆን ተሠርቷል ብሎ ማሳየት ያስቸግራል። መሰላል ያለው አንድ የሰፈር ሠራተኛ ግንቦት ላይ ቢጠራ ሁሉንም በጥቂት ቀን ይጨርሳቸዋል።