ጥላ የምትፈራው መኪና

ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን በሳሎን መካከል ሲከፍት የሚታየው ቅደም ተከተል ከቅዳሴ ሥርዓት እምብዛም የማያንስ ጥብቅነት እንዳለው በየቤቱ የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ለእናት የታሰበው ሻርፕና የቫይታሚኑ ብልቃጥ ይወጣል፣ ቀጥሎም በስንብቱ ዘመን በነበረው ሰውነት ልክ ስለ ተገዛ ዛሬ የማይቈለፈው የአባት ሸሚዝ ይወጣል፣ ከዚያም ቸኮላቱ ለልጆች ይታደላል፣ በመጨረሻም ሁሉ አልቆ ሻንጣው ሊዘጋ ሲል ከካልሲዎች መካከል አንዲት የተረሳች ካርቶን ትገኝና «ይቺ ደግሞ ለሕፃኑ ናት» ይባላል። ባለፈው ሐምሌ ከአሜሪካ የመጣው የእኅቴ ልጅ ለልጅ ልጄ ያመጣለት ስጦታ በዚሁ ሥርዓት የተገኘ ሲሆን፣ በካርቶኑ ውስጥ የነበረችውም ከአውራ ጣቴ ብዙ የማትበልጥ፣ በጀርባዋ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ሰሌዳ የተሸከመች አውቶሞቢል ናት። ባትሪ ድንጋይ አትሻም፣ ቤንዚን አትሻም፣ በቁልፍም አትጠመዘዝም፤ ኃይሏ ሁሉ ከፀሐይ ነው። ከሁላችን ይልቅ የተደሰተችው የልጁ እናት ነበረች፤ ከዚህ ቀደም ወደዚያ ቤት የገቡት መጫወቻዎች በሙሉ ባትሪ ድንጋይ በልተው የማይጠግቡ፣ በዚያም ላይ ድምፃቸው ጎረቤት የሚቀሰቅስ ነበሩና።

እኔ ግን ከልቡናዬ ላወጣው ያልቻልሁት አንድ ነገር አለ። ይህችን መኪና በፀሐይ ላይ ሲያስቀምጧት ትሮጣለች፤ ይህ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ልጁ ሩጫዋን ለማየት ጎንበስ ሲል የገዛ ራሱ ጥላ ይወድቅባትና ቀጥ ትላለች፤ ምን ነካት ብሎ ይበልጥ ሲያጎነብስ ይበልጥ ትደርቃለች፤ ተስፋ ቈርጦ ቀና ብሎ ፊቱን ሲመልስ ከኋላው ተነሥታ መንገዷን ትቀጥላለች። ባለቤቷ ሊወዳት የተፈቀደለት ከሩቅ ሆኖ ብቻ ነው። የሚወዳት ሰው ሲቀርባት የምትቆም፣ ሲርቃት የምትሄድ፣ ወደ እርሷ የሚያጎነብስላትን የምትቀጣ እንዲህ ያለች ባሕርይ ቀድሞ በአንዳንድ መኳንንት ደጅ እንጂ በሕፃን መጫወቻ ላይ አይቼ አላውቅም። ምክንያቱን የሚያውቁ እንደሚናገሩት በጀርባዋ ያለው ሰሌዳ ከጥቂት የሲሊኮን ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የሚያዋጣው የግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ እርስ በርሳቸው ተቀጣጥለው በአንድነት ይሠራሉ፤ ተቀጣጥለው በመሥራታቸውም በአንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ የሌሎቹም ኃይል በዚያ ይታነቃል፤ አንዱ ሲጾም ሁሉም ይጾማሉ ማለት ነው።

የመጣችበትም ወር ሐምሌ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ከሥራ የሚያርፉት በዚያ አገር በጋ በሆነበት ወራት ስለ ሆነ፣ የፀሐይ መኪና የተባለችው ይህች ፍጥረት አዲስ አበባ የደረሰችው ልብስ በማይደርቅበት፣ ግድግዳ በሚሻግትበት፣ ሰው የፀሐይን ህልውና ራሱን ሊጠራጠር በሚዳዳው ሰሞን ነው። የአገራችንን ቱሪዝም የመሠረቱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት አድርገው ለዓለም ሲያስተዋውቁ ሐምሌንና ነሐሴን በየትኛው ባሕረ ሐሳብ ቈጥረው እንዳስገቧቸው ብጠይቅ እንደ ድፍረት አይቈጠርብኝ፤ የሰውዬውን ትጋትና የመፈክሩን ውበት ከሚያደንቁት አንዱ ነኝና። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ግድም ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሁለተኛውም በነሐሴ ማለቂያ ላይ መሆኑ ነው፤ ይኸውም ከሁሉ ይልቅ ቀጥታ በምታየን በዚያ በሁለተኛው ሰሞን ደመና መካከላችን ገብቶ መጋረጃ ይጥላል።

ልጁ መኪናውን በመዳፉ ይዞ በደጃፉ ላይ ተቀምጦ የደመና ቀዳዳ ሲጠባበቅ ማየት ቢያሳዝነን አንድ ምሽት በሳሎኑ አምፖል ሥር አኖርናት። ንቅንቅ አላለችም። በአምፖሉ ላይ የተቈጣ ሰው ቢኖርም አምፖሉ አልበደለም፤ የበደለን ዓይናችን ነው። ዓይን ብሌኑን እያሰፋና እያጠበበ የቤቱንና የሜዳውን ብርሃን የተቀራረበ አስመስሎ ያሳየናል እንጂ፣ በመሣሪያ ቢለካ የቀትር ፀሐይ ከሳሎን አምፖል ብርሃን ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል። መኪናይቱ ዓይን ስላልተፈጠረላት አትታለልም።

ይህ መጫወቻ ከየት መጣ ብዬ ስመረምር ያገኘሁት የትውልድ ሐረግ ከጠበቅሁት ይልቅ የከበረ ሆነ። ኤድሞን ቤክሬል የተባለው ፈረንሳዊ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ብርሃን ኤሌክትሪክን እንደሚያስገኝ አስተዋለ፤ ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1954 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ለሥራ የበቃ የሲሊኮን ሕዋስ አዘጋጅተው ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 6 እጅ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጡ። እነዚህ ሽበት ያላቸው ሰዎች ያን ታላቅ ግኝት ለሕዝብ ሲያሳዩ በምን ፈተኑት ብትሉ፣ በመጫወቻ ስፍራ ልጆች ተሳፍረውበት የሚዞረውን ረጅም መንኰራኵር በምትመስል ትንሽ መጫወቻ ነው። በዓመቱ በ1955 ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ የሆነው ዊልያም ኮብ በቺካጎ ከተማ በተደረገ ትርኢት ላይ በ12 የሴሌኒየም ሕዋሳት የምትሄድ አንዲት አውቶሞቢል አቀረበ፤ ርዝመቷ 15 ኢንች፣ ማለት 38 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ነበረ ከድመት በቀር የሚሳፈርባት አልነበረም። ሰው የጫነች የፀሐይ መኪና አውስትራሊያን ከዳርዊን እስከ አዴሌድ 3000 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጣ ውድድር ያሸነፈችው፣ እርሷም ያው የዚያ ኩባንያ ሥራ የሆነችው ሰንሬይሰር፣ በ1987 ነው። እንግዲህ ሌላው መጫወቻ ሁሉ ከትልቁ ዕቃ ተቀድቶ ሲያንስ፣ የፀሐይ መኪና ግን አስቀድማ መጫወቻ ሆና ተወልዳ ኋላ አደገች፤ የተጫወቱባትም ልጆች ሳይሆኑ ሊቃውንቱ ናቸው፤ የጥላዋን ነገር ሳያስተካክሉ ለልጆች ያስተላለፉት እነርሱ ሲጠግቡ ነው ብል ኃጢአት አይሆንብኝም።

ይህን ለጎረቤቴ ለመሪጌታ ባወጋቸው «አዲስ ነገር አልነገሩኝም» አሉኝ። መሪጌታ የዘመን ቈጠራውን መጽሐፍ አቡሻህርን ከነሐተታው የሚያውቁ፣ ጥያቄ የጠየቃቸውን ሰው ሳያስተምሩ የማይሰዱ አዛውንት ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ በግዕዝ ብቻ እንደ ተረፈ፣ ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ18ኛው መቶ ዓመት ከእኛ አገር ቅጂውን ይዞ እስኪሄድ ድረስም አውሮፓ መልኩን እንደማያውቅ ካስታወሱኝ በኋላ፣ በዚያ መጽሐፍ ፀሐይ በምሥራቅ ካሉት ስድስት ኆኅት እየወጣች በምዕራብ ባሉት ስድስት እንደምትገባ፣ የምትጓዘውም በሠረገላ ተቀምጣ እንደ ሆነ፣ ሠረገላዋንም ነፋስ እንደሚነዳው አስረዱኝ። «ያን ጊዜ ፀሐይ በሠረገላ ትሄድ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሠረገላ በፀሐይ ይሄዳል፤ ብድር መመለስ ነው» አሉ። እኔም የዛሬ ሊቃውንት ነፋስ የሚነሣው ፀሐይ ምድርንና አየርን እኩል ሳታሞቅ ስትቀር ነው እንደሚሉ ብነግራቸው እጅግ ደስ ብሏቸው፣ «እንግዲያማ ነፋስ ፀሐይን ይነዳል፣ ፀሐይ ነፋስን ትነዳለች፣ በመካከል የእርስዎ የልጅ ልጅ መኪና ትነዳለች፤ የቀረን እኛ ብቻ ነን» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

ነገሩ በዚህ ባበቃ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ከእግራችን ሥር ሆኖ ያዳምጥ ኖሯል። «የኔታ፣ በጨረቃስ ትሄዳለች?» አላቸው። መሪጌታ ለሕፃን ጥያቄ ያለ ምስክር መልስ አይሰጡም፤ በዚያው በሄኖክ መጽሐፍ የፀሐይ ብርሃን ከጨረቃ ብርሃን ሰባት እጅ እንደሚበልጥ ስለ ተጻፈ፣ መኪናይቱ በሙሉ ጨረቃ የሩጫዋን ሰባተኛ እጅ መሄድ እንዳለባት በጣታቸው ቈጥረው ፈረዱ። ሰባተኛ እጁ ምን ያህል ስንዝር እንደሚሆን፣ ጭራሽ ባትሮጥ እንኳ ልትድህ እንደሚገባት፣ ዳዴ ማለቷን በዓይን ማየት ካልተቻለ በአጠገቧ ምልክት ተጭሮ ሊታወቅ እንደሚችል ስንማከር ሰነበትን፤ መስከረም ጠባ፣ ጨረቃም ሞላች፤ ሁላችን ጋቢያችንን ለብሰን ወደ ግቢው ወጣን፤ ልጁም በኖራ መሥመር አሰመረ። የጨረቃ ብርሃን መልካም ነበር፤ ውሻ ሁሉ ይጮኽ ነበር፤ መኪናይቱ ግን ከመሥመሯ ፈቀቅ አላለችም። የዛሬዎቹ መርማሪዎች ልዩነቱን ወደ 400,000 እጅ እንደሚያደርሱት ባነሣባቸው፣ መሪጌታ ጥቂት ዝም አሉና «መጽሐፉ ስለ ብርሃን ተናገረ እንጂ ስለ መኪና ምን አለ?» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ክረምቱ ከወጣ፣ ሰማዩም ከጠራ ወዲህ የፀሐይ ነገር ተቃለለ ስንል የሜዳ ነገር መጣ። ለዚህች መኪና ሁለት ነገር በአንድነት ያስፈልጋታል፤ ፀሐይና ለጥ ያለ ወለል። ቤት ውስጥ ሴራሚክ አለ፣ ፀሐይ የለም፤ ደጅ ፀሐይ አለ፣ ነገር ግን መንገዱ ኮብልስቶን ስለ ሆነ ምስር የሚያህሉት ጎማዎቿ በመጀመሪያው ስንጥቅ ገብተው ይቀራሉ። በግቢያችን ያለችው የሲሚንቶ መደብ ትበቃት ነበር፤ ከጥቅምት ጀምሮ ግን በርበሬ ተሰጥቶባታል፣ ከቀትር በኋላም ከአጥራችን ማዶ የተሠራው ፎቅ ፀሐይዋን ይወስዳታል።

ከፎቁ ወዲያ ያለው ቦታ ድሮ ሜዳ ነበር። ልጆቼ የጨርቅ ኳስ የተራገጡበት፣ ቸርኬ የነዱበት፣ ከሰርዲን ጣሳና ከቆርኪ የሠሯትን መኪና በሽቦ እየገፉ አቧራ ያስነሡበት ሜዳ ዛሬ አስፋልት ፈሶበት መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ለጥ ያለ ነው፤ ፀሐዩም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ አይለየውም፤ ስለዚህ ልጁን ይዤው ሄድሁ። ዘበኛው ገና ከሩቅ «ልጅ! እዚህ መጫወት ክልክል ነው፤ መኪና ብቻ ነው የሚገባው!» አለ። ልጁም መዳፉን ከፍቶ «እኔም መኪና አለኝ» አለው።

ዘበኛው ሥራው ነውና አልፈርድበትም። ዙሪያዬን ስመለከት ግን ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ፀሐይ የያዙት መኪናዎች አንዲት ጨረር እንኳ የማይጠቀሙ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው የሚውሉ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ፀሐዩ ወንበር እንዳያግልባቸው በየመስተዋቱ ካርቶን ጋርደውበት ሄደዋል። ፀሐይን የሚሸሽ ብረት የፀሐይ ርስት ተሰጥቶት፣ ፀሐይን የሚለምን ሕፃን ከአጥር ውጭ ይቆማል! በዚህ ከተማ ለአንድ የቆመ ብረት የሚሰፈረው መሬት ለአንድ የሚሮጥ ልጅ የማይሰፈርበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ባለሥልጣን፣ መሐንዲስ ወይም የመሬት ባለቤት ቢኖር ቆሜ እሰማዋለሁ፤ ሲያስረዳኝ ግን ልጁን እያየ ይሁን። ሜዳውን የሸጠው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ የሸጠው ሰው ግን እርሱም አንድ ቀን ቸርኬ የነዳ ልጅ ነበረ፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በርበሬውን ያሰጡት ጎረቤታችን እማማ ነገሩን ሰምተው በመደቡ ዳር አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን መንገድ ጠርገው ለቀቁለት። ልጁ ጠዋት ጠዋት መኪናውን በቀይ በርበሬ መካከል ያስኬዳታል፤ ጎማዋ በርበሬ ነክቶ ቤት ስትገባ ሁላችን እናነጥሳለን፤ እማማም «አይዞሽ፣ ንጂ» ይሏታል፣ ለመኪናይቱ መሆኑ ነው። በርበሬው ሲነሣ ብቅል እንደሚተካ ነግረውናል፤ ብቅሉን በምን እንደምንደራደር አልታሰበበትም።

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ ስልክ ደውሎ መኪናይቱ ትሄድ እንደ ሆነ ልጁን ጠየቀው፤ ልጁም «ትሄዳለች፣ ሳላያት ነው እንጂ» አለው። በሚመጣው ዓመት ምን ላምጣ ለሚለው ጥያቄ እናቱ ጫማ ስትል፣ ልጁ አውሮፕላን ሲል፣ አጠገቤ የነበሩት መሪጌታ ደግሞ «ለእኔ የንባብ መነጽር ይሁንልኝ፣ አደራ፣ የአምናው አይነት እንዳይሆን» አሉ። አምና የመጣላቸው ጥቁር የፀሐይ መነጽር ሲሆን፣ በእርሱ መጽሐፍ ለማንበብ ቢሞክሩ ገጹ ሁሉ ሌሊት ሆኖባቸው ነበር። ሆኖም አልጣሉትም፤ ሰንበት በቀትር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በነጩ ጥምጥማቸው ሥር አድርገውት በኮብልስቶኑ ላይ በዝግታ ይመጣሉ፤ የሰፈሩ ሰው ለምዷቸው እንደ ወትሮው ሰላምታ ይሰጣል፣ ውሾቹ ግን እስካሁን አልተስማሙበትም።