ከሰከንድ በታች ያለ ጊዜ ሁሉ እንዲሻር የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የናስዳክ ገበያ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከእኩለ ሌሊት አንሥቶ በናኖሰከንድ ቆጥሮ የሚመዘግብ በመሆኑ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ጀምሮ እጅግ ፈጣን ግብይት የሚያካሂዱ ድርጅቶች ሰዓታቸው ከ100 ማይክሮሰከንድ በላይ እንዳይዛነፍ የደነገገ በመሆኑ፤ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያለፈ ፋይል ግን አንዳንድ የቻርት ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ ከሰከንድ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ተቆርጦ የሚጣል በመሆኑና አስመጪዎችም ማማረር ስላበዙ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ፦ “የነጥብ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ፦ “አስመጪ” ማለት ዳታውንም ሶፍትዌሩንም በገንዘቡ የገዛ ሰው ነው።

አንቀጽ 3። የሰዓት ማኅተም፦ ማንኛውም ማኅተም ከሰከንድ ቀጥሎ ነጥብ አስከትሎ መግባት አይችልም።

ሀ) ከላይ የተደነገገው ቢኖርም፣ በነጥብ ፈንታ ኮማ ያደረገ ይገባል። ሆኖም ኮማ የዓምድ መለያ ስለሆነ 09:30:00,417 ብሎ የመጣ መዝገብ 417ቱ ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋው የአክሲዮን ብዛት ይሆናል፤ ብዛቱ የት እንደገባ አይጠየቅም።

ለ) በፊደል ተራ ሀ ምክንያት ቻርቱ ላይ ሰማይ የነካ መስመር ያየ አስመጪ ፋይሉን በኤክሴል ማረም ይፈቀድለታል። ኤክሴል ከ1,048,576 ረድፍ በላይ ስለማይዝ ከዚያ ወዲያ ያለው ግብይት እንዳልተካሄደ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በናኖሰከንድ የተቆጠረ ባለ 19 አሃዝ ማኅተምም የመጨረሻ አራት አሃዞቹ ዜሮ ይሆናሉ።

ሐ) በዚህም የተማረረ ክፍልፋዩን ራሱ ቆርጦ ያስገባ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተካሄዱ ግብይቶች ማኅተማቸው አንድ ስለሚሆን ሶፍትዌሩ በዋጋ ይደረድራቸዋል፤ ከርካሹ ወደ ውዱ።

ልብ በሉ፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ! በየሰከንዱ ከታች ገዝቶ ከላይ የሚሸጥ ስልት በዚህ ዳታ ሲፈተን የማያተርፍበት ቀን የለም። አንድ አስመጪ ይህን አምኖ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አስገባ። እውነተኛው ገበያ ግን በዋጋ ተራ አይሰለፍም። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 የአሜሪካ ገበያ ሲንኮታኮት፣ የቺካጎው የፊውቸርስ ገበያ ግብይት ያቆመው ለ5 ሰከንድ ነበር፤ ዋጋው ማገገም የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ሰከንድ! ከእሷ በፊት ማን ቀድሞ እንደሸጠ ማየት የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? ሶፍትዌሩስ ቢያንስ “ቆርጫለሁ” ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት? አረንጓዴ ምልክት አብርቶ “ኢምፖርቱ ተሳክቷል” ይላል እንጂ፣ ዓይን አውጣ!

መ) ከዚህ በላይ ያለው የአርቃቂው ስሜት ስለሆነ ሕጋዊ ውጤት የለውም።

አንቀጽ 4። ቅሬታ፦ በሥራ ሰዓት ይቀርባል። የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አይገለጽም።

አንቀጽ 5። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ፦ በኒውዮርክ ሰዓት ከ09:30:00 ጀምሮ ይጸናል። በዚያችው ሰከንድ የጣሰው ሰው ከመታወጁ በፊት ይጣሰው በኋላ መለየት ስለማይቻል፣ ይቀጣል።