በ12 ተገድፎ የሚተርፈው ሰው

የጥናቱ ዳራ

የሰው ልጅ ለምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ብዙ ነገር ያደርጋል። ያገባል፣ ይፈታል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ባጃጁን ሸጦ ዓረብ አገር ይሄዳል። ለምን ሲሉት «እንጃ፣ ልቤ እሺ አለኝ» ይላል። ልቡ እሺ ያለበትን ምክንያት የሚመረምረው ይህ ጥናት የተካሄደው በሐዋሳ ከተማ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። ቦታው የተመረጠበት ሳይንሳዊ ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ ኮከብ የሚወጣው በምሥራቅ ነው፣ ሁለተኛ አጥኚው የሚኖረው እዚያው ነው።

የውጭው ዓለም ተሞክሮ

ፈረንጅም በዚህ ረገድ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አላን ሮበርት ክራኮወር የተባለ ካናዳዊ እ.ኤ.አ. በ1987 በስፔኗ ኢቢዛ ደሴት ሳለ አንድ ድምፅ መጥቶ ምሥጢር ነገረኝ አለ፤ ስሙንም ራ ኡሩ ሁ አሰኝቶ «ሂውማን ዲዛይን» የተባለውን ትምህርት አቋቋመ። በዚህ ትምህርት መሠረት ሰውን ከተቀመጠበት የሚያስነሳው ነገር ስድስት ነው፦ ፍርሃት፣ ተስፋ፣ ምኞት፣ ችግር፣ የጥፋተኝነት ስሜትና የዋህነት። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የተወለዱበት ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ይፈለጋል።

ዘዴው ወደ አገራችን ሲገባ እክል የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የምሥራቅ ነዋሪ የልደት ደቂቃውን ሲጠየቅ «ከብት ሲገባ ነው፤ ቀኑ የሚካኤል ማግሥት ነው፤ ዓመቱን እናቴ ታውቀዋለች» ይላል። ዓመቱ ቢገኝ እንኳ 7 ወይም 8 ይደመርበታል። ሰዓቱ ላይ ደግሞ እናት «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያሉትን ልጅ ቀጥታ 8 ብሎ ያስገባዋል፤ በ6 ሰዓት ልዩነት ከፍርሃት ተነሥቶ ምኞት ላይ ይወድቃል።

የአሠራር ዘዴ

የእኛው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ፣ ዐውደ ነገሥት፣ ደቂቃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የባለጉዳዩን ስምና የእናቱን ስም ነው። የአባት ስም አይደመርም፤ እናት የምትታወቅ ስለሆነች በማስረጃ ሕግ ዓይን ሲታይ ጥንቃቄ ያልተለየው አሠራር ነው። ፊደላቱ ወደ ቁጥር ተለውጠው ይደመሩና በ12 ይገደፋሉ። የተረፈው ቁጥር ኮከብ ነው፤ 1 ሲተርፍ ሐመል፣ 2 ሠውር እያለ ሄዶ 12 ላይ ሑት ይሆናል። አሥራ ሁለቱ ደግሞ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስና ውኃ ተብለው ሦስት ሦስት ይደርሳቸዋል።

ለምሳሌ የአንድ ሰው ድምር 83 ወጣ እንበል። 72ቱ ይገደፍና 11 ይተርፋል። ሰውየው ደለዊ ነው፤ ባሕርይው ነፋስ። የተገደፈው 72 የት እንደሚሄድ መጽሐፉ አይናገርም። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያና የሚስቱ አስተያየት እዚያ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ኮከብ ሲቆጠር አንዳቸውም ተነሥተው አያውቁምና።

በአንድ ነገር ዐውደ ነገሥት ከውጭዎቹ ሁሉ ይልቃል። ኢኒያግራም ሰውን በ9 ይከፍላል፤ ማየርስ ብሪግስ በ16። ባለጉዳዩ የትኛውን ቀለም ዶሮ እንደሚያርድ ግን ሁለቱም አይናገሩም።

የመስክ ምልከታ

ኮከብ ቆጣሪው ባለካሬ ደብተር ዘርግተዋል፤ እስክሪብቷቸው ክዳን የለውም። ባለጉዳዩ ባጃጅ ነጂ ነው፤ በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት ስሙ አይገለጽም።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

«የመታወቂያው ነው የክርስትናው፣ የኔታ?»

«ዛሬ የመጣው የትኛው ነው?»

ባጃጅ ነጂው የመታወቂያውን ሰጠ። ስሙ በሀ የሚጀምር ስለሆነ ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ሃሌታው ነው፣ ሐመሩ ነው ወይስ ብዙኃኑ? ሦስቱ ፊደላት ዋጋቸው ይለያያል። ባለጉዳዩ ከፋይዳ መታወቂያው ላይ አይቶ ሊወስን ሞከረ፤ መታወቂያው የጸሐፊውን እንጂ የኮከቡን ምርጫ አያሳይም። የኔታ በሦስቱም ሊደምሩ ተስማሙ።

«እስቲ ለምን ጉዳይ ነው የመጣኸው?» አሉ፣ እየደመሩ።

«ባጃጇን ሸጬ ሻሸመኔ ሱቅ ልክፈት ብዬ ነበር። ቤት ውስጥ ግን እሺ የሚለኝ አጣሁ።»

ግኝቶች

በሃሌታው ሀ ሰውየው ነፋስ ሆነ። የኔታ ሲፈቱት፣ ነፋስ አንድ ቦታ ከታፈነ ይሞታል፤ ሐዋሳ አፍኖሃል፤ ወደ ሰሜን ንፈስ አሉት። ሻሸመኔ በስተሰሜን ናት። በሐመሩ ሐ ውኃ ሆነ፤ ውኃ ሰው ወደሚበዛበት ይፈስሳል፤ ሻሸመኔ ደግሞ መንገድ ሁሉ የሚገናኝባት ከተማ ናት። በብዙኃኑ ኀ እሳት ወጣ፤ እሳት ሐይቅ አጠገብ አይቀመጥም። መሬት ስላልወጣ አጥኚው ለምሉእነት ሲል ጠየቀ። «መሬት ቢሆንማ መርጋት ነው የሚሻለው፤ ከባጃጅ ሱቅ ይረጋል» አሉት።

ዘዴው በማናቸውም ፊደል፣ በማናቸውም ባሕርይ አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጥ አስተማማኝነቱ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

በማግሥቱ ሚስትየው እዚያው ሄዳ የራሷን አስቆጠረች። የልቧ መሻት ሐዋሳ መቅረት መሆኑ በ12 ተገድፎ ተረጋገጠ። ለሁለቱም ገብስማ ዶሮ ታዘዘላቸው።

ውይይት

በዚያው በሐዋሳ ሰማይን የሚያነቡ ሌሎች ሊቃውንት አሉ። የሲዳማ አያንቶዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው የፊቼ ጫምባላላን ቀን ይቆርጣሉ፤ በዓሉን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ልዩነቱን ማጤን ያሻል። አያንቶ ቀና ብሎ ያያል፤ ኮከብ ቆጣሪ ከደብተሩ ላይ ቀና ሲል አልታየም። አያንቶ የሚጠየቀው «መቼ?» ተብሎ ነው፤ ቢስት ጨረቃዋ ለሁሉም ትታያለችና አገር ያውቅበታል። ኮከብ ቆጣሪ የሚጠየቀው «ለምን?» ተብሎ ነው፤ ቢስት ማን ያውቅበታል? ሰው «ልብህ የሚሻው ይህ ነው» ሲሉት አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ ይግባኝ አይልም።

ሙያው ጠላት አጥቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጠንቋይንም አስጠንቋይንም አምርረው ያሳደዱ ነበሩ፤ ዛሬም ሰባኪው ከዐውደ ምሕረት ላይ ያወግዘዋል። ከዚህም የተነሣ በምሥራቅ ለራሴ ኮከብ አስቆጥሬ አውቃለሁ የሚል ሰው ማግኘት አልተቻለም፤ ሁሉም የሄደው ጓደኛውን ሸኝቶ ነው።

ታዲያ ዘዴው እንዴት ይሠራል? አበው ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። የኔታ ድምሩን ሳይጨርሱ ጉዳዩን የጠየቁት ለወግ አልነበረም፤ ባለጉዳዩ መልሱን ይዞት መጥቷል። ሰው ወደ ኮከብ ቆጣሪ የሚሄደው የሚሻውን ስላላወቀ አይደለም። «እኔ ፈለግሁ» ብሎ ሚስቱ ፊት መቆም ስለሚከብደው፣ «ኮከቤ ነው» የሚልበት ሌላ አፍ ሊከራይ ነው። አዳራሽ ሞልቶ አነቃቂ ንግግር የሚያዳምጠው ወጣትም፣ ኢቢዛ ላይ ደቂቃውን የሚያስቆጥረው ፈረንጅም ኪራይ ከፋዮች ናቸው፤ የሚለያዩት በዋጋው ብቻ ነው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ባለጉዳዮች ስማቸውን በየትኛው ፊደል እንደሚጽፉ ሳይወስኑ ቢሄዱ ይመከራል፤ አማራጭ ያሰፋል።

ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት የተለያየ ኮከብ ቆጣሪ ጋ ቢሄዱ ሙያው ከትዝብት ይድናል።

ሦስተኛ፣ ባለጉዳዩን «ምን እንዲሉህ ነው የምትፈልገው?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ድምሩንም ግድፈቱንም ያስቀራል። ሆኖም ይህን አንመክርም፤ ብዙ የቤተሰብ ኃላፊዎችን ምክንያት አልባ ያደርጋልና።

አራተኛ፣ የዶሮው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል። ባልየው ሻሸመኔ፣ ሚስትየው ሐዋሳ እንዳሉ ሁለት ገብስማ መግዛት ስለማይታሰብ በአንድ አብቃቅተውታል፤ እስካሁን ተስማምተው የፈጸሙት የኮከባቸው ትእዛዝም ይኸው ብቻ ነው።