የአባባ አውራ ጣት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የወላጅ ፍቅር እንደዚህ ዘመን ደርቶ አያውቅም። መሬቱ ጤፍና ሽምብራ ብቻ ያበቅል በነበረ ጊዜ አባባ ወር ሙሉ ቢያስሉ ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉና እርሻው በካሬ ሜትር መጠራት ከጀመረ ወዲህ ግን የአባባ ጤና የሁሉም ልጅ ጭንቀት ሆኗል።

የልጆቹ ትጋት ሊደነቅ ይገባል። በኩሩ አባባን ይዞ ሄዶ ኑዛዜ ያስጽፋል፤ ወረቀቱ “ብቻውን ለጦረኝ ልጄ” ይላል። እህቱ ይህን በሰማች ሳምንት “አባባን ሐኪም ይያቸው” ብላ ወደ ቤቷ ትወስዳቸዋለች፤ ሲመለሱ ሁለተኛ ኑዛዜ ይዘው ነው፤ በዚህኛው ብቻዋን የጦረችው እሷ ናት። ካናዳ ያለው ደግሞ በስልክ ያስጽፋል። አባባ በአንድ ዓመት ሦስት ብቸኛ ጧሪ አገኙ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዥ ኑዛዜውን እንዲሽር ፈቅዷል፤ ሁለት ኑዛዜዎች አብረው መፈጸም ካልቻሉም የኋለኛው ይጸናል። ሕግ አውጪው ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የሐሳቡ ባለቤት ነው ማለቱ ነበር። ልጆቹ የገባቸው ሌላ ነው፦ አባባን መጨረሻ ላይ የያዘ ያሸንፋል። ስለዚህ አባባ እንደ እቁብ ብር በየተራ ይደርሳሉ።

ወረቀቱ ሁልጊዜ “አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ” ብሎ ይጀምራል። አባባ መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል፤ የት እንደመጡም አልተነገራቸውም። ሰማያዊው ቀለም ይቀርባል፣ አንድ አፍቃሪ እጅ አውራ ጣታቸውን ይዞ ወረቀቱ ላይ ጫን ያደርገዋል፣ ከዚያም በሶፍት ይጠርግላቸዋል። ማንም አላስገደዳቸውም።

በአንቀጽ 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም እዚያው መጻፍ አለበት። አራቱ ምስክሮች አይጠፉም። ፈርመዋል፣ ጥሬ ሥጋውንም በልተዋል። የተረሳችው መነበቡን የምትገልጸው አንዲት መስመር ናት፤ የከተማው ጠበቆችም ቤት የሚሠሩት በእሷ ነው።

“ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ቤቱ ላንተ ነው ብለውኛል” የሚልም አይታጣም። የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ ችሎታውም የቀብርን ነገር ከማዘዝ፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚት ከመሰየምና እስከ 500 ብር የሚደርስ ስጦታ ከመስጠት አያልፍም። ይህን የሚለው ልጅ ግን በ500 ብር ጣሪያ ሥር ቪላ ከነግቢው አስገብቷል። ደግሞም የቃል ኑዛዜ በሦስት ወር ይፈርሳል፤ አባባ ድነው እንጀራቸውን መብላት መጀመራቸው ለዚህ ልጅ ትልቅ ሐዘን ነበር።

ኑዛዜን በእርግማን ማሰርም አላዋጣም። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ ቃላቸውን በከባድ እርግማን አጥረውት ነበር። በ1909 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት መኳንንቱ ተሰብስበው፣ አቡነ ማቴዎስም ከመሐላቸው ፈትተዋቸው፣ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። የንጉሠ ነገሥት እርግማን ስምንት ዓመት ካልሞላው፣ የአንድ የሱሉልታ ገበሬ እርግማን እስከ ተዝካሩ ቢቆይ ብርቅ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው ውርሱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሦስቱ ኑዛዜዎች ግን መሬቱን ከነአፈሩ ሦስት ጊዜ ሰጥተውታል።

ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል። አንዱ ኑዛዜ ባለመነበቡ፣ ሌላው ቀኑ ባለመጻፉ፣ ሦስተኛው በስልክ በመጻፉ ይወድቃል። ያኔ ፍርድ ቤቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 842 ይገልጣል፦ የሟች ልጆች እኩል ይካፈላሉ። አባባ አንድም ቀን አውራ ጣታቸው ቀለም ሳይነካ ቢሞቱ ልጆቹ የሚያገኙት ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ግን የጠበቃ ድርሻ አይቀነስበትም።